«አጠቃላይ» የሚለው ስም፦ የአንድ ዓይነት ትምህርት ቤት ታሪክ ከአዲስ አበባ እስከ ቦረና ቆላ

በፋኩልቲያችን የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ ከቀረበው ቃል የተገለበጠ



ንግግሬን ከአንድ በር ልጀምር። አብዛኞቻችሁ የተማራችሁበትን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በር አስታውሱ። ከበሩ በላይ በቀለም የተጻፈ ስም ነበር። ስሙ በከተማው ወይም በአንድ አርበኛ መጠሪያ ይጀምርና በብዙ ቦታ «አጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት» ብሎ ያበቃል። ሰው ሁሉ የመጀመሪያውን ቃል ያነብባል። «አጠቃላይ» የሚለውን ግን ዐይን ዘልሎት ያልፋል። ምን ከምን ጋር ተጠቃልሎ ነው አጠቃላይ የተባለው? እኔም ለአራት ዓመታት በዚያ ዓይነት በር ስገባና ስወጣ አልጠየቅሁም። ዛሬ ማታ የምጠይቀው ይህንኑ ነው።

ሐሳቤን አስቀድሜ ላስቀምጥ። «አጠቃላይ» የሚለው ቃል ሁለት ተስፋዎችን ይዞ ነበር። አንደኛው ስለ ልጆች ነው፤ የማንም ልጅ በአንድ በር ይግባ የሚል። ሁለተኛው ስለ ሥራ ነው፤ የቀለም ትምህርትና የእጅ ሙያ በአንድ ግቢ፣ በእኩል ክብር ይሰጡ የሚል። የመጀመሪያው ተስፋ፣ ጉድለቱ እንዳለ ሆኖ፣ በከተሞቻችን ተፈጽሟል። ሁለተኛው ግን ስሙ በበሩ ላይ እንደተጻፈ ከውስጥ ባዶ ሆነ። ለዚህ ባዶነት መንግሥታትን መውቀስ ቀላል ነው፤ ይገባቸዋልም። ይሁን እንጂ ከተጠያቂዎቹ መካከል የእኔ ቤትም እንዳለበት ወደ ንግግሬ ማብቂያ ላይ እናገራለሁ።

ልዩ ልዩ በር፣ ልዩ ልዩ ዕጣ

ዘመናዊ ትምህርት በአገራችን የጀመረው በአጠቃላይነት አይደለም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1908 የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም ሚያዝያ 1917 ዓ.ም. የተመረቀው የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት የተቋቋሙት መንግሥት ለሚፈልጋቸው ጥቂት ሰዎች ነበር። ቋንቋ የሚያውቅ ጸሐፊ፣ አስተርጓሚ፣ ከውጭ መንግሥታት ጋር የሚነጋገር ሹም ያስፈልግ ነበር። በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በበላይ ተቆጣጣሪነት ሲሠሩ፣ የፈረንሳይኛ ቋንቋ በትምህርቱ ውስጥ የያዘው ትልቅ ስፍራ የዚህ ዓላማ ምስክር ነው።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ ትምህርት ቤቶች በፍጥነት ተከፈቱ፤ የተከፈቱት ግን እየተለያዩ ነበር። በ1935 ዓ.ም. በኮተቤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላም የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ተማሪን ለዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጁ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ሆኑ። የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ደግሞ ከካናዳ ለመጡ የኢየሱሳውያን ማኅበር መምህራን ተሰጠ። ከመካከላቸው አንዱ ሉሲየን ማት በ1943 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ እንዲያቋቁሙ ተመረጡ። በሌላ በኩል የአዲስ አበባ ቴክኒክ ትምህርት ቤት፣ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት፣ የአምቦና የጅማ የእርሻ ትምህርት ቤቶች ነበሩ። የልጁ ዕጣ የሚለየው እንግዲህ በሚገባበት በር ነበር። በአንዱ የገባ መዶሻ አይጨብጥም፤ በሌላው የገባ ደግሞ ዩኒቨርሲቲን ተስፋ ለማድረግ ይቸግረዋል።

ቃሉ ከየት መጣ?

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ይህን ዓይነቱን መለያየት የሚቃወም ሐሳብ በብዙ አገሮች ተነሣ። በእንግሊዝ አገር ልጆች በዐሥራ አንድ ዓመታቸው በአንድ ፈተና ተለይተው በተለያየ ትምህርት ቤት መግባታቸው ከባድ ክርክር አስነሥቶ፣ መንግሥት በ1965 እ.ኤ.አ. በቁጥር 10/65 ሰርኩላር የየአካባቢው አስተዳደር ሁሉንም ልጆች ወደሚቀበል ትምህርት ቤት እንዲሸጋገር ጠየቀ። በአሜሪካ ደግሞ ልማዱ አሮጌ ነበር። ጄምስ ኮናንት በ1959 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የሐኪሙም የገበሬውም ልጅ በአንድ ሕንፃ የሚማርበትን፣ ነገር ግን እንደ ዝንባሌው የተለያየ ትምህርት የሚመርጥበትን ትምህርት ቤት አጥብቀው ደገፉ።

ወደ እኛ የመጣው ይህ የአሜሪካው መልክ ነው። ግንቦት 1953 ዓ.ም. የአፍሪካ አገሮች የትምህርት ጉባኤ በዩኔስኮ አማካይነት እዚሁ አዲስ አበባ ሲደረግ፣ ነጻነቷን ጠብቃ የኖረችው ኢትዮጵያ በትምህርት ስርጭት ከብዙ ጎረቤቶቿ ኋላ መሆኗ በግልጽ ታየ። ይህ ኀፍረት ለውጥ አፋጠነ። በ1956 ዓ.ም. ገደማ ትምህርቱ በስድስት፣ በሁለትና በአራት ዓመት ተከፍሎ፣ በአንደኛ ደረጃ አማርኛ የማስተማሪያ ቋንቋ ሆነ። በ1955 የትምህርት ዘመን ከ270 በላይ የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን በአንድ ጊዜ ገቡ፤ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለአንድ ዓመት በክፍለ ሀገር የሚያገለግሉበት ሥርዓት ተዘረጋ። የክፍለ ሀገር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ያገኘው በእነዚህ ሁለት መንገዶች ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ከቀለም ትምህርቱ ጎን የእንጨትና የብረታ ብረት ሥራ፣ እርሻ፣ የቤት አያያዝ፣ የሒሳብ መዝገብ አያያዝና የጽሕፈት መኪና ትምህርት ተጨመሩ። «አጠቃላይ» የሚለው ቅጽል በትምህርት ቤቶቻችን ስም ላይ ያረፈው በዚህ ዘመን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ። በእንግሊዝ አገር ጥያቄው ልጆችን እንዴት አንለያይ የሚል ነበር። እኛ ዘንድ ግን፣ ከአዲስ አበባ ወጣ ሲባል፣ የሚለያዩባቸው ብዙ ትምህርት ቤቶች ከቶውን አልነበሩም። አንድ አውራጃ ዕድል ካገኘ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያገኛል። ያ አንዱ ትምህርት ቤት ሁሉንም መሆን ነበረበት። በእንግሊዝ አጠቃላይነት መርሕ ነበር፤ በአውራጃ ከተማ ግን ከመርሕነቱ ይልቅ ችግር የወለደው ግዴታ ነበር። ይህን ካልያዝን የቆላውን ትምህርት ቤት ጠባይ አንረዳውም።

ከወደራ እስከ ነጌሌ

የተወለድኩት ከአዶላ ወደ ነጌሌ ቦረና በሚወስደው መንገድ፣ ወደራ አካባቢ ነው። ከደገኛው ጫካ ወርዶ ቀዩ አፈርና ግራሩ የሚጀምርበት አገር ነው። ይህ መንገድ ጦር ሲመላለስበት የኖረ መንገድ ነው። ጥር 1928 ዓ.ም. የግራዚያኒ ጦር በገናሌ ዶሪያ ላይ የራስ ደስታ ዳምጠውን ሠራዊት አጥቅቶ ነጌሌን ያዘ። በ1933 ዓ.ም. ደግሞ ከጎልድ ኮስት የመጡ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ወታደሮች በዚያው መስመር ተመልሰው ጣሊያንን ወደራ ላይ ለሳምንታት ተዋጉት። ነጌሌ ከዚያም በኋላ የጦር ሰፈር ከተማ ሆና ቀጠለች። ስለዚህ በእነዚህ የቆላ ከተሞች ክፍል ውስጥ የጉጂና የቦረና ከብት አርቢ ልጅ፣ የሶማሌ ነጋዴ ልጅ፣ የቡርጂ ባለሱቅ ልጅ፣ ከሰሜን የመጣ የወታደር ልጅ ጎን ለጎን ይቀመጡ ነበር።

አጠቃላይ ትምህርት ለዚህ አገር እንግዳ ሐሳብ እንዳልነበረም መናገር ይገባል። በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስ መዝገብ የሰፈረው የገዳ ሥርዓት ሰውን በየስምንት ዓመቱ ከአንድ የዕድሜ እርከን ወደሚቀጥለው የሚያሸጋግር፣ በራሱ መንገድ የሚያስተምር ሥርዓት ነው። የቦረና ልጅ ከብት ይጠብቃል፤ በጥልቁ የውኃ ጉድጓድ፣ በኤላው ዳር፣ የማን ከብት ከማን ቀጥሎ እንደሚጠጣ የሚወስነውን ሕግ ከአባ ሄሬጋው አፍ ይሰማል፤ የቀደሙትን አባ ገዳዎች ተራ በቃሉ ያጠናል። በዚያ ሥርዓት እረኛውና ሕግ ዐዋቂው አንድ ሰው ናቸው። እጅና አእምሮ የተለያዩት በእኛ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ነው።

የ1966 ዓ.ም. ሁለት አመፆች

ነጌሌ በአገሪቱ ታሪክ ውስጥ ስሟ የሚነሣው ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. በተጀመረው የወታደሮች አመፅ ነው። ወታደሮቹ በምግባቸውና በውኃቸው መበላሸት ተማርረው አዛዦቻቸውን ያዙ፤ ሊያነጋግሯቸው የተላኩትን ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለንም አግተው እነሱ የሚበሉትንና የሚጠጡትን እንዲቀምሱ አደረጉ። ይህ በየመጽሐፉ አለ። ከዚያ አምስት ሳምንት በኋላ፣ የካቲት 11 ቀን፣ የመምህራን አድማ እንደተነሣም እናውቃለን። ሁለቱን ግን አያይዘን አናነብባቸውም።

መምህራኑ ካስነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ «ሴክተር ሪቪው» በመባል የሚታወቀው የትምህርት ጥናት ነበር። ጥናቱ በ1964 ዓ.ም. ተካሂዶ፣ ለብዙኃኑ ሕፃናት አራት ዓመት የሚቆይ፣ ከኑሮና ከሥራ ጋር የተያያዘ መሠረታዊ ትምህርት እንዲሰጥ፣ ወደ ላይ የሚያልፈው ቁጥር ግን እንዲወሰን ሐሳብ አቀረበ። በወረቀት ላይ ሲነበብ አመዛዛኝ ሐሳብ ነው፤ ገንዘቡ ጥቂት፣ ልጁ ብዙ ነበርና። ወላጅና መምህር ግን የሰሙት ሌላ ነገር ነው፦ ሙያ ለድኻ ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲ ለባለሥልጣን ልጅ። መንግሥት ሐሳቡን ለማቆየት ተገደደ።

የነጌሌው ወታደር «እናንተ የምትጠጡትን ውኃ እኛም እንጠጣ» አለ። ወላጁም በራሱ መንገድ «የእናንተ ልጅ የሚማረውን የእኔም ልጅ ይማር» አለ። ሁለቱም ጥያቄዎች ትክክል ነበሩ። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ የሙያ ትምህርት በሕዝባችን ልብ ውስጥ የተበላሸው ውኃ ሆኖ ቀረ። ይህ እስከ ዛሬ አልለቀቀንም።

አንድ ሣጥን፣ አንድ ስም ዝርዝር

ደርግ ትምህርትን ከምርት ጋር ለማያያዝ ቃል ገብቶ ተነሣ። በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት ዘመቻ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጋር ወደ ገጠር ዘመቱ፤ ከ1971 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ኦሮምኛን ጨምሮ በ15 ቋንቋዎች እስኪካሄድ ደረሰ። የዘውድ መጠሪያዎች ከበሮች ላይ ተነሡ፤ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትም «እንጦጦ አጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃ» ተባለ። ለጥቂቶች የተከፈተው በር አጠቃላይ መባሉ በራሱ ትልቅ ታሪክ ነው። ቀጥሎ የምናገረው ግን በዓይኔ ስላየሁት ነው።

በ1970ዎቹ አጋማሽ እኔ 9ኛ ክፍል ስገባ ከአውራጃ ከተማ ውጭ ሁለተኛ ደረጃ ማግኘት ብርቅ ስለነበር፣ ከቤቴ ርቄ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ቤት ተከራይቼ ተማርኩ። የትምህርት ቤቱ የሙያ ክፍል ረጅም፣ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ብርሃን የሚገባበት ሕንፃ ነበር። በአንድ ጥጉ ትልቅ የእንጨት ሣጥን ቆሟል። ውስጡ ቶርኖ እንዳለ መምህራችን ነገሩን። ቶርኖው ባለ ሦስት ፌዝ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፤ ከተማዋ ግን የነበራት ማታ ማታ ለጥቂት ሰዓት የሚሠራ ጄኔሬተር ብቻ ነበር። አራት ዓመት ስማር ሣጥኑ አልተከፈተም። የእንጨት ሥራ የተማርነው ከተሰበሩ ዴስኮች በለቀምነው ጣውላ ነው። መምህራችን ሰነፍ አልነበሩም፤ ለሚስማር መግዣ እንኳ በጀት አልነበራቸውም።

ታዲያ በዚያው ግቢ አንድ ነገር ይሠራ ነበር። ዴስኩ ይሠራ ነበር። በአንድ ዴስክ ሦስት ሆነን እንቀመጣለን፤ ከእኔ በቀኝ የመቶ አለቃ ልጅ፣ በግራ አባቱ ከብት የሚነዳ የቦረና ልጅ ነበር። ለሒሳብ አንዱ፣ ለእንግሊዝኛ ሌላው ያስረዳናል። የድርቁ ዓመት ሲመጣ ከገጠር ስንቅ የሚላክለት ልጅ ባዶ እጁን ሆነ፤ ከወታደር ቤት የሚመጣውን ዳቦ ለሦስት ቆረስን። በስብከትም በመመሪያም ያልመጣ አብሮነት ነው። የአጠቃላይ ትምህርት ቤትን ጠባይ ግለጽ ብትሉኝ ከዚህ ዴስክ የተሻለ መግለጫ የለኝም።

አሁን ቃል የገባሁትን ልናገር። 10ኛ ክፍልን ስንጨርስ ስም ዝርዝር ተለጠፈ፤ ስሜ በሙያ ዘርፍ ተገኘ። አለቀስኩ። አባቴ የጭነት መኪና መካኒክ ነበር። ከወደራ በመኪና ተጭኖ መጥቶ፣ ዘይት በነካው ኮቱ በመምህራኑ ፊት ቆሞ፣ «ልጄ እንደ እኔ እጁ እንዳይጠቁር ብዬ ነው ያስተማርኩት» ብሎ ለመነ። መምህራኑም ራሩልን፤ ስሜ ወደ ቀለም ትምህርት ተዛወረ። ቁጥሩ እንዳይጎድል ግን አንድ ሌላ ስም ወደ ሙያ ዘርፍ ተሻገረ። የዚያ የቦረና ጓደኛዬ ስም ነበር። አባቱ ከከብቱ ጋር ውኃ ፍለጋ ርቆ ሄዶ ስለነበር የሚለምንለት አልነበረውም።

ጓደኛዬ ዛሬ በዚያው መንገድ ዳር የብየዳ ቤት አለው፤ ልጆቹን አስተምሯል፤ ስንገናኝ እንሳሳቃለን። «ብየዳን የተማርከው በእኔ ምክንያት ነው» ብዬ ለማላገጥ ስሞክር ግን አንድ ቀን እንዲህ አለኝ፦ «ተሳስተሃል። እኔ ብየዳ የተማርኩት ሻሸመኔ ጋራዥ ወለል ላይ እየተኛሁ ነው። እዚያ ያስተማረኝ የለም።» በደሉ እንግዲህ እጥፍ ነው። የቀለም ትምህርቱን ወሰድንበት፤ በምትኩ የተሰጠው ሙያ ደግሞ ሣጥን ውስጥ ታሽጎ ነበር።

አባቴን አልወቅስም። ሚዛኑን ያነበበው በትክክል ነው። ወደ ዩኒቨርሲቲ በሚያስገባው ማትሪክ ላይ ክብደት የነበራቸው እንግሊዝኛና ሒሳብ ነበሩ፤ በጥሩ የተገጠመ በር ወይም ቀጥ ብሎ የተበየደ ብረት የትም አያስቆጥርም። ፈተናው የማይመዝነውን ነገር ትምህርት ቤት ለረጅም ጊዜ ሊያከብር አይችልም። የአጠቃላይ ትምህርት ቤት ግማሽ አካል የሞተበት ምክንያት፣ ከበጀቱና ከኤሌክትሪኩ ባልተናነሰ፣ ይህ ነው።

እንደገና ሁለት በር

ሚያዝያ 1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ጉዳዩን በመለየት ፈታው። ከ9ኛ እስከ 10ኛ ክፍል የጋራ ትምህርት፣ ከዚያ በ10ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ከፊሉ ወደ መሰናዶ፣ ከፊሉ ወደ ቴክኒክና ሙያ። የቀድሞው የተፈሪ መኰንን ግቢ በእንጦጦ ስም የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ማእከል መሆኑ የዚህ ለውጥ ምልክት ነው። ፖሊሲው ሕፃኑ በአፍ መፍቻ ቋንቋው እንዲማር ማድረጉ ለቆላው ልጅ ትልቅ ፍትሕ ነበር፤ ይህን ማንም ሊያቃልለው አይገባም። በሙያ በኩል ግን ወደ ቀድሞው ሁለት በር ተመለስን። ያለፈ መሰናዶ፣ የወደቀ ሙያ። ለዓመታት ወላጆች የተረዱት በዚህ መልክ ነው።

ይህም ሥርዓት አልፏል። አሁን ወደ 6፣ 2፣ 4 ተመልሰናል፤ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርትም የሙያ ትምህርትን በሁለተኛ ደረጃ ግቢ ውስጥ እንደገና አስገብቷል። ከስድሳ ዓመት በኋላ ያው ሐሳብ በሌላ ስም መጣ ማለት ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ከመቶ ዘጠና ሰባቱ የተማሩበት ግቢ ከፈተናው ሌላ ምን ሰጣቸው? «አጠቃላይ» የሚለው ቃል ከዚህ ጥያቄ በፊት ነው ወይስ በኋላ የተፈተነው? እኔ በፊት ነው እላለሁ፤ እኛ ውጤቱን ያላየነው ሣጥኑን ስላልከፈትን ነው።

ከታሪክ ተማሪነቴ የማቀርበው ምክር አጭር ነው። የሙያ ክፍል ከመመረቁ በፊት ኤሌክትሪኩ፣ ሚስማሩና ጣውላው በየዓመቱ በጀት ላይ ይኑር። የእጅ ሥራው በዩኒቨርሲቲ መግቢያው ሚዛን ላይ ነጥብ ይኑረው። ምደባው ደግሞ ለማኝ ወላጅ ያለውንና የሌለውን የማይለይ ይሁን።

ለእናንተ ለተማሪዎቼ ደግሞ አንድ የቤት ሥራ አለኝ። የክፍለ ሀገር ትምህርት ቤቶቻችን ታሪክ የተጻፈው በአዲስ አበባ ቤተ መዛግብት ብቻ አይደለም። በየትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት በተቆለሉ የምዝገባ ደብተሮች፣ ሮስተሮችና የዕቃ መረከቢያ ሰነዶች ላይም ተጽፏል። በቆላ ምስጥ አይተኛም። ለዕረፍት ወደየከተማችሁ ስትሄዱ ርእሰ መምህሩን አስፈቅዱና ያን ዕቃ ቤት ግቡ። ማን ገባ፣ ማን አቋረጠ፣ የማን ስም ከየትኛው ዝርዝር ወደየትኛው ተሻገረ የሚለውን ገልብጡ። በአንዱ ገጽ ላይ በቀይ እስክሪብቶ የተሰረዘ የእኔን ስም፣ ከጎኑም የተጻፈ የሌላ ልጅ ስም ልታገኙ ትችላላችሁ። ብታገኙት ፎቶግራፍ አንሥታችሁ አምጡልኝ።